ሦስት ላይንባከር፣ አንድ የመጥረጊያ እንጨት

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ዘንድሮ ላይንባከሮቹን (የአሜሪካን ፉትቦል ተከላካዮች ናቸው) አንተ ያዛቸው ተባልኩ። ክፍያ የለውም። ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ሜዳ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያለ ሃይስኩል ነው። እኔም በልጅነቴ ከአዲስ አበባ ስመጣ የአሜሪካን ፉትቦል የጀመርኩት እዚሁ ሰፈር ነው። እናቴ አንድ ጨዋታ አይታ «ኳሱ የታለ? ይሄ እኮ ድብድብ ነው» አለች። ሁለተኛ አልመጣችም።

ለማያውቀው ባጭሩ ልበል። በየወገኑ 11 ሰው አለ። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት 4 ዕድል ይሰጠዋል። ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባኩ ነው። ከፊቱ 5 ግዙፍ ልጆች አጥር ሆነው ይቆማሉ። የእኛ ላይንባከሮች ደግሞ ከራሳችን የፊት መስመር ጀርባ 4 ወይም 5 ያርድ ርቀው ነው የሚቆሙት። የዘወትር ሥራቸው ሩጫ ማስቆምና አጫጭር ቅብብሎችን መሸፈን ነው። አንዳንዴ ግን ያንን ሁሉ ትተው ኳርተርባኩን ሊይዙ ይሄዳሉ። ብሊትዝ የሚባለው ይሄ ነው። ቃሉ ከጀርመንኛ የመጣ ሲሆን መብረቅ ማለት ነው።

ልጆቹን በስማቸው አልጽፍም፣ በቦታቸው እጠራቸዋለሁ። ቦታዎቹም ቢሆኑ የሰው ስም ይመስላሉ። መሃል የሚቆመው ማይክ ነው። ታይት ኤንድ የሚባለው ተጨማሪ ልጅ አጥሩ ዳር በቆመበት፣ ማለትም አጥሩ በረዘመበት በኩል ያለው ሳም ነው። በሌላው በኩል ያለው ዊል ነው። የዘንድሮው ዊል የሐበሻ ልጅ ነው።

ያምናውን ቪዲዮ ማታ አየሁት። ችግሩ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ዘግይተን ነው የምንደርሰው። ኳሱ ከኳርተርባኩ እጅ ወጥቶ፣ ተይዞ፣ ሰውየው መሮጥ ከጀመረ በኋላ የእኛ ልጅ መጥቶ ኳርተርባኩን ይገፋዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እቅዴ ቀላል ነው፦ ፈጣን አደርጋቸዋለሁ።

ኦገስት 7፣ ሐሙስ

ሙቀቱ አይጣል ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሄልሜት ብቻ ነው፣ ፓድ የለም።

ዕቃ ሠራሁ። የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ያረጀ ኳስ በፕላስተር ጠቀለልኩ። እንጨቱን ይዤ ቁጢጥ እላለሁ። ኳሱ ሳር ላይ ነው። እኔ እጮሃለሁ፣ ኳሱ ግን አይንቀሳቀስም። ወይም ዝም ብዬ ኳሱን ላጥ አደርገዋለሁ። መነሳት ያለባቸው ኳሱ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ሦስቱም በጩኸቴ ተነሱ። አሥር ጊዜ ሞክረን ሰባቱን በድምፅ ነው የሄዱት። ኳርተርባክ ሆን ብሎ ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ለዚህ ነው፣ ሊያታልል። አፍ ይዋሻል፣ ኳስ አይዋሽም አልኳቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ። ልጆቹ ኤንኤፍኤልን፣ የባለሙያዎቹን ሊግ፣ እያዩ ነው ያደጉት። እዚያ ተከላካይ ቀድሞ መስመሩን ቢያልፍም፣ ማንንም ካልነካና አጥቂዎቹን ካላስደነገጠ፣ ኳሱ ሳይነሳ መመለስ ይችላል። በሃይስኩል ሕግ እንዲህ የለም። መስመሩ ውስጥ ገባህ ማለት የዳኛው ቢጫ ጨርቅ ወረደ፣ በቅጣት 5 ያርድ ሄደ። ሳም ይህን ሲሰማ «አይደለም!» ብሎ ተከራከረኝ። የሕጉን መጽሐፍ አምጥቼ አሳየሁት።

ኦገስት 12፣ ማክሰኞ

እቅዴ ተበላሸ። ደግሞም መበላሸት ነበረበት።

ስልኬን ከአጥቂው ቡድን ጀርባ፣ ኳርተርባኩ በሚያይበት አቅጣጫ አቆምኩት። ስልኩ በሰከንድ 60 ምስል ይቀርጻል፣ ማታ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። የሁለተኛው ቡድን ኳርተርባክ ኳሱን በእጁ የሚያቆየው 2.5 ሰከንድ ገደማ ነው። ሳም ከቡድናችን ፈጣኑ ልጅ ነው። ግን ከሦስቱ መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ነው። ማይክ ከባድ ልጅ ነው፣ ሲሮጥ ማቀዝቀዣ የተሸከመ ነው የሚመስለው። ቀድሞ የሚደርሰው ግን እሱ ነው።

ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ገባኝ። ሳም ሊሄድ ሲል ተረከዙ ከመሬት ይነሳል። የሚገባበትን ክፍተት ሰረቅ አድርጎ ያያል። እጁን ይጨብጣል። ይህ ሁሉ ስናፑ ሳይደርስ ነው፣ ማለትም ሴንተሩ ኳሱን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ሳይሰጥ። ኳርተርባኩ ነቄ ብሎ በጣቱ ይጠቁማል፣ አጥሩም ይዘጋጃል። ሳም ሲደርስ ሁለት ሰው ይጠብቀዋል። ማይክ ግን ሲሄድም ሳይሄድም አንድ ዓይነት ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። አቋሙ ያው ነው።

ስለዚህ ማስተማር ያለብኝ አቋቋም ነው። ሩጫውን እኔ ሳልኖርም ያውቁታል።

አዲስ ጨዋታ ፈጠርኩ። እኔ ኳርተርባክ ሆኜ እቆማለሁ። ከሦስቱ ማን እንደሚመጣ እነሱ በጆሮ ይነጋገራሉ። ስናፑ ሳይደርስ ስሙን እጠራለሁ። ካገኘሁ ሦስቱም 5 ፑሽ አፕ ይሠራሉ። ከሳትኩ እኔ እሠራለሁ። ዛሬ ከ10 ዘጠኙን አገኘሁ። ሽወዳ ገና አልገባቸውም።

ኦገስት 14፣ ሐሙስ

የክፍተቶቹ ስም። ከአጥሩ መሃል ያለው ሴንተር፣ ከእሱ ጎንና ጎን ያሉት ጋርድ፣ ዳርና ዳር ያሉት ታክል ይባላሉ። በሴንተሩና በጋርዱ መሃል ያለው ኤ ይባላል። በጋርዱና በታክሉ መሃል ቢ። ከታክሉ ውጪ ሲ። በግራም በቀኝም ያው ነው። ብሊትዝ የሚሄድ ልጅ አንድ ክፍተት ይሰጠዋል። ያ ክፍተት የእሱ ነው። ኳሱ ተወርውሮም ይሁን በሩጫ ይምጣ፣ መጀመሪያ የራሱን በር ይዘጋል። «ኳርተርባኩን ልይዝ ስሄድ ሯጩ በጎኔ አለፈ» የሚል ሰበብ አልቀበልም።

ክፍተቱ ለሰውነታቸው ጠባብ ነው። ትከሻቸውን ገልብጠው፣ በጎናቸው ቀጠን ብለው ነው ማለፍ ያለባቸው። ታክሲ ውስጥ በተሳፋሪ መሃል እንደሚሹለከለክ ረዳት ነው አልኩት ለዊል። ዊል አዲስ አበባን አይቶ ስለማያውቅ ዝም ብሎ አየኝ።

ከዶላር መደብር ሁለት ትልልቅ የፕላስቲክ ቀለበቶች ገዝቼ ነበር። ሣሩ ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ አስቀመጥኳቸው። በዙሪያቸው እየሮጡ ወደ ውስጥ ማዘንበል ነው፣ የውስጠኛው ትከሻ ሣሩን ሊነካ እስኪደርስ። አጥሩን ዞሮ ኳርተርባኩ ጋ ለመድረስ ይህ ማዘንበል ያስፈልጋል። ቀጥ ብሎ የሚሮጥ ልጅ ኳርተርባኩን አልፎት ይሄዳል።

የራሴን ስህተትም ልመዝግብ። መሽከርከር አስተማርኳቸው፤ ተጋጣሚን ገፍቶ በጀርባ መዞር ማለት ነው። ያምራል። ሦስቱም ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ማንም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጠፋ፣ ሁሉም እንደ እንዝርት ይሾራል። ሰርዤዋለሁ። ላይንባከር ከ5 ያርድ ሩጫ ይዞ ስለሚመጣ ፍጥነቱ ራሱ ጉልበቱ ነው። ቆሞ መዞር ያንን መጣል ነው።

ኦገስት 19፣ ማክሰኞ

ፓድ ለብሰናል። ዛሬ ኳስ ይዞ ከሚሮጠው ልጅ፣ ከራኒንግ ባኩ ጋር።

አጥሩን አልፎ የገባ ላይንባከር የሚያገኘው ራኒንግ ባኩን ነው። ኳርተርባኩ ጎን ቆሞ ይጠብቀዋል። ዊል በመጀመሪያው ሙከራ ደረቱ ላይ ገብቶ ልጁን በጀርባው ዘረረው። ሁሉም ጮኸ። እኔ ግን ኳርተርባኩን ነበር የማየው። ተረጋግቶ ወረወረ።

«ማንን ልትይዝ ነው የመጣኸው?» አልኩት።

ደረት ላይ ከገባህ ልጁ ቢወድቅም ሥራውን ሠርቷል፣ አንተን አቁሞሃል። ሰውየውን ሙሉ አትውሰድ፣ ግማሹን ምረጥ። ግራ ወይ ቀኝ። ሁለት እርምጃ ሲቀርህ ወስን፣ እጁን በእጅህ መትተህ አውርድ፣ ትከሻህን ዝቅ አድርገህ እለፍ። የወሰነ ልጅ ያልፋል። ያመነታው ደረት ላይ ይጋጫል።

ኳርተርባኩን ሲይዙት ደግሞ ጭንቅላት ቀና፣ ዓይን ደረቱ ላይ፣ መምታት በትከሻ። በሄልሜቱ አናት መሄድ ክልክል ነው። ቅጣቱ 15 ያርድ ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የራሱ የልጁ አንገት ነው። ይህን በየቀኑ እናደርገዋለን፣ ቢሰለቻቸውም።

ልምምዱ ሲያልቅ የዊል እናት ልትወስደው መጣች። መኪናዋን አቁማ ወረደች።

«ወንድሜ፣ ለምንድን ነው ልጄን ዊል ዊል የምትሉት? ስም የለውም እንዴ?»

«ኧረ አለው እትዬ። የሚቆምበት ቦታ ስም ነው። በረኛ እንደማለት ያስቡት።»

«በረኛ ከሆነማ ለምን ይሮጣል?»

መልስ አጣሁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጭንቅላቱን ብቻ አደራ» አለችኝ። አደራውን ተቀበልኩ። አደጋ የለውም ግን አላልኳትም፤ አለውና።

ኦገስት 22፣ ዓርብ

ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር የልምምድ ጨዋታ። በስክሪን አቃጠሉን።

ስክሪን እንዲህ ነው። አጥሩ ላይንባከሮቻችንን ሆን ብሎ ያሳልፋቸዋል። እነሱ በደስታ ኳርተርባኩ ላይ ሲሮጡ እሱ በአናታቸው ላይ ቀስ አድርጎ ኳሱን ለራኒንግ ባኩ ይጥልለታል። ከባኩ ፊት ሦስት ግዙፍ አጃቢ አለ። የእኛ ሰው ግን የለም። ሁለት ጊዜ ሆነብን። በሁለተኛው ተችዳውን (ጎል እንደማለት ነው) ገባ።

አዲስ ደንብ አወጣሁ፦ በሩ ወለል ብሎ ከተከፈተልህ ጠርጥር። ባለቤቱ ተሰልፎ «ግባ ግባ» የሚልህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አለ። ራኒንግ ባኩ ሊያቆምህ ካልሞከረ እሱን ፈልገው።

ሴፕቴምበር 5፣ ዓርብ ማታ

ሁለተኛው የውድድር ጨዋታ። አሸነፍን። ግን ዊል ኳርተርባኩን ሁለት ጊዜ በእጁ ካስገባው በኋላ አመለጠው። ሁለቱንም ጊዜ ዘሎ ነው የሄደው። ኳርተርባኩ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለ፣ ዊል አየር አቅፎ ወደቀ። በአባሮሽ የሚሮጥን ልጅ ዘሎ የሚይዝ የለም፣ እግሩን አሳጥሮ ነው የሚጠጋው።

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ዝናብ ነው። ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ታሪክ ነገርኳቸው።

1990፣ ኖቬምበር 11፣ ካንሳስ ሲቲ። ዴሪክ ቶማስ ላይንባከር ነው። ቀኑ የአርበኞች ቀን ነው። አባቱ ቬትናም ውስጥ የሞቱ የአየር ኃይል ሰው ናቸው። በዚያ ቀን የሲያትልን ኳርተርባክ ዴቭ ክሬግን 7 ጊዜ ያዘው። ሰባት! በይፋው መዝገብ በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ሳክ፣ ማለትም ኳርተርባክን ሳይወረውር ይዞ መጣል፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የሠራ የለም። ጨዋታው ሊያልቅ የመጨረሻዋ አንድ ሙከራ ቀረች። ቶማስ ደረሰ። ስምንተኛው እጁ ገባ። ክሬግ ተንሸራቶ አመለጠ። ወረወረ። ፖል ስካንሲ ተችዳውን ላይ ያዘው። ሲያትል 17 ለ 16 አሸነፈ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዊል «ሰባቱ አይቆጠርለትም?» አለ። ይቆጠራል እንጂ፣ መዝገብ ላይ ነው ያለው አልኩት። እሱ ግን ስምንተኛውን ነበር የሚያስበው።

ሌላው ላይንባከር ደግሞ ሎረንስ ቴይለር ነው። በ1981 ኒው ዮርክ ጃያንትስ የገባው። በ1986 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ለተከላካይ ይህ ሽልማት አልተሰጠም። የእሱን ብዙ ቪዲዮ አሳየኋቸው። አንዱን አላሳየሁም። ኖቬምበር 1985፣ እዚሁ ዋሽንግተን አርኤፍኬ ስታዲየም፣ የጆ ታይስማን እግር የተሰበረበትን። እዚያ ላይ እኔ የማየው ቴይለር ብድግ ብሎ እጁን እያወዛወዘ ዕርዳታ የሚጣራበትን ነው። ግን ለ16 ዓመት ልጅ ማሳየት አልፈለግሁም።

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ

እንቁጣጣሽ። ለልጆቹ የባለቤቴን ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ማይክ አራት ቁራጭ በልቶ ሩጫ አቃተው።

የዛሬው ሥራ መስቀለኛው ነው። ማይክና ዊል አብረው ይሄዳሉ፣ ግን ተሻግረው። ማይክ ቀድሞ በሰያፍ ወደ ማዶኛው ኤ ክፍተት ይገባል፣ ሴንተሩን ይዞት ይሄዳል። ዊል በጀርባው ተጠማዝዞ ሴንተሩ በለቀቀው በር ይገባል። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ይገባል። ከፋቹ ስሙ ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ማይክ ይህን ሲሰማ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። እሱን የወደድኩት ለዚህ ነው።

አሜሪካኖቹ አሰልጣኞች የላይንባከርን ብሊትዝ «ዶግ» ይሉታል፣ ውሻ። ይህ መስቀለኛው «ክሮስ ዶግ» ነው። ዊል ቤት ሄዶ ለእናቱ «ዛሬ መስቀለኛ ውሻ ተማርን» ቢላት ምን እንደምትል እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

መጀመሪያ ላይ ተጋጩ። ዊል ቸኩሎ ማይክ ሳያልፍ ይነሳል፣ ሁለቱም መሬት ላይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መፍትሔው አንዲት እርምጃ ሆነች። ዊል መጀመሪያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይራመዳል፣ ከዚያ የማይክን ጀርባ ሲያይ ይነሳል። ስድስት ጊዜ ከሞከርን በኋላ አራት ጊዜ በተከታታይ ሠራ። ዳቦው አለቀ።

ሴፕቴምበር 16፣ ማክሰኞ

የግምቱን ጨዋታ አላቆምንም። ዛሬ ከ10 ያገኘሁት አራቱን ነው። ስድስት ጊዜ አምስት አምስት ፑሽ አፕ፣ ክንዴ ይንቀጠቀጣል። ይህን ስጽፍም ጭምር።

አንድ ነገር ጨምረናል። ከመቆም ይልቅ በዝግታ መጠጋት። ኳርተርባኩ ሲጮህ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ሁለት ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ኋላ። ድመት አይጥ ስትጠብቅ እንደምታደርገው። ኳርተርባኩ ከሴንተሩ ርቆ ሲቆም ሴንተሩ አጎንብሶ ያየዋል፣ ከዚያ ቀና ይላል። ከቀና በኋላ ብዙ ጊዜ ኳሱ ይመጣል። ማይክ ይህን ራሱ አስተውሎ ነገረኝ። እኔ ይህን ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሴፕቴምበር 18፣ ሐሙስ

ቀድሞ ማስተማር የነበረብኝን ዛሬ አስተማርኩ። አለመሄድን።

አራት የፊት መስመር ልጆች አሉን። ሁለት ላይንባከር ስንጨምር ስድስት ይሄዳል፣ አምስት ከኋላ ይቀራል። ጎበዝ ኳርተርባክ ብሊትዝ ሲመጣ ኳሱን የሚጥለው ብሊትዘሩ በለቀቀው ቦታ ላይ ነው። ቦታው ባዶ ነውና። ስለዚህ ሄዶ መያዝ ብቻ ከሆነ የምናውቀው፣ ጎበዞቹ ይበሉናል። የሚመጣ መስሎ ያልመጣ ላይንባከር ግን ኳርተርባኩ «ባዶ» ብሎ የወረወረበት ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ፌብሩዋሪ 2009፣ ታምፓ፣ ሱፐር ቦውል፣ የኤንኤፍኤል የዋንጫ ጨዋታ። ፒትስበርግ ከአሪዞና። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሴኮንዶች ቀርተዋል፣ አሪዞና ተችዳውን መስመሩ ጋ ደርሷል። የፒትስበርጉ ጄምስ ሃሪሰን የተነገረው ብሊትዝ ሂድ ነበር። ሊሄድ አስመስሎ ቀረ። ኩርት ዋርነር አላየውም፣ በቀጥታ ወደ እሱ ወረወረ። ሃሪሰን ያዘውና ሜዳውን ሙሉ፣ 100 ያርድ፣ ሮጦ ተችዳውን አገባ። ፒትስበርግ 27 ለ 23 አሸነፈ።

«ትእዛዝ ጥሶ ነው?» አለ ሳም፣ ዓይኑ እያበራ። ጣጣ ገዛሁ። እናንተ ስትነገሩ ብቻ ነው አልኩት።

ሴፕቴምበር 26፣ ዓርብ ማታ

ጨዋታው ከደመራ ቀን ጋር ገጠመ። የዊል እናት ከሰኞ ጀምራ ደውላልኝ ነበር። እንደ ዕድል የእነሱ ቤተክርስቲያን ደመራውን ለቅዳሜ አዛወረው። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ልታይ መጣች። ነጠላዋን ደርባ መቀመጫው ላይ ከታች ቁጭ አለች።

በሦስተኛው ሩብ፣ ሦስተኛው ዕድል ላይ፣ ማይክና ዊል መስመሩ ድረስ ተጠግተው ቆሙ። ኳርተርባኩ ወደ ዊል ጠቆመ። ራኒንግ ባኩ ወደዚያ ተዛወረ። ኳሱ ተነሳ። ማይክ ገባ። ዊል አንድ እርምጃ ወደፊት አለና ወደ ኋላ ተመለሰ። ራኒንግ ባኩ የሚያቆመው ሰው አጥቶ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ኳርተርባኩ ማይክ ሲመጣበት ቸኩሎ ዊል ወደነበረበት ወረወረው። ዊል ኳሱን በሁለት እጁ መታው። አልያዘውም፣ ጣለው። ቢይዘው ኖሮ ፊቱ ባዶ ሜዳ ነበር። ቢሆንም ኳሱን ለእኛ ለቀቁ።

ከጨዋታው በኋላ እናቱ አጥሩ ጋ ጠበቀችኝ።

«በርታ ወንድሜ። ግን ልጄ ዛሬ ደከመው መሰለኝ።»

«ለምን እትዬ?»

«ያ ትልቁ ልጅ ሲሮጥ የእኔው ቆሞ ቀረ እኮ። ጭራሽ ወደ ኋላ ሄደ። ምሳ አልበላም ነበር።»

ዊል ሄልሜቱን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። ላስረዳት ጀመርኩና መሃል ላይ ተውኩት።

«አዎ፣ ነገ ጠንከር ያለ ቁርስ ያብሉልኝ» አልኳት።

ለማክሰኞ፦ የሳም ተረከዝ አሁንም ይነሳል። የእንጨቱ ፕላስተር ተልጧል፣ አዲስ ልግዛ። ዊል በሁለት እጅ መያዝ ይለማመድ፣ ሃምሳ ጊዜ።